የእባቤ ሆድ ቀልቷል፤ ቃጠሎ ነው ወይስ የቅርፊት መበስበስ?

ጥያቄ፦ «የ3 ዓመት ሴት ቦል ፓይተን አለችኝ፤ ክብደቷ 1200 ግራም ገደማ ነው። ከአራት ቀን በፊት ቤቷን ለማጽዳት ሳነሳት ሆዷ መሀል ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀልቶ አየሁ። አሁን ከቅርፊቶቹ የተወሰኑት ቡናማ ሆነዋል፤ ሁለቱ ደግሞ ውሃ ቋጥረዋል። የምትሞቀው ከመስታወት ቤቷ ሥር በተደረገ የማሞቂያ ምንጣፍ ነው። ቴርሞስታቱን 32 ዲግሪ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ቴርሞሜትር ደግሞ 28 ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ሙቀት አቃጥሏታል ብዬ ለማመን ተቸገርኩ። አንዱ ‹ቆዳዋን ልትቀይር ነው› ይለኛል፤ ሌላው ‹ከእርጥበት የመጣ የቅርፊት መበስበስ ነው› ይላል። ለማንኛውም ብዬ ማሞቂያውን ነቅዬ ቫዝሊን ቀብቻታለሁ። እቤት ላክማት እችላለሁ? ጠባሳስ ይቀርባታል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የነገሩን ሁሉ ወደ ቃጠሎ ያመለክታል፤ ያውም ላይ ላዩን ብቻ ወዳልሆነ ቃጠሎ። ምክንያቱን ከታች እናብራራለን። ማንበብዎን ሳይጨርሱ መስተካከል ያለበት ግን አንድ ነገር አለ። ምንጣፉን መንቀልዎ ልክ ነው፤ በምትኩ ሌላ ሙቀት ሳይሰጧት አራት ቀን ማለፉ ግን ልክ አይደለም። እባብ እንደ እኛ የሰውነቱን ሙቀት ከውስጥ አያመነጭም። በሽታ የመከላከል አቅሙ፣ የቁስሉ መዳን፣ የተወጋው መድኃኒት በሰውነቱ ውስጥ የሚኖረው ጉዞ ሳይቀር ከውጭ በሚያገኘው ሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው። የተቃጠለች እባብ በብርድ ቤት ውስጥ ስትተኛ ቁስሏ ያመረቅዛል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ከሥር ሳይሆን ከላይ ያሙቋት። ከሽቦ ክዳኑ ውጭ የተቀመጠ የሴራሚክ ማሞቂያ በቴርሞስታት እየተቆጣጠሩ ቢጠቀሙ ጥሩ ነው። መሣሪያው ከቤቷ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ልትጠመጠምበት በማትችል የሽቦ መከለያ ይሸፈን። በሞቃቱ ጫፍ የወለሉ ሙቀት ከ31 እስከ 32 ዲግሪ፣ በቀዝቃዛው ጫፍ ከ25 እስከ 27 ይሁን፤ ሌሊትም ከ25 እንዳይወርድ። ይህ መሣሪያ ከሌለዎት የክፍሉን ማሞቂያ ከፍተው ክፍሉን በሙሉ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ማድረስ ለጥቂት ቀናት በቂ ነው።

አሁን ወደ ጥርጣሬዎ እንምጣ። «ቴርሞስታቱ 32 ነው ያለው» የሚለው ቃል በሆድ ቃጠሎ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ነው። ቴርሞስታት የሚያውቀው ሴንሰሩ (ሙቀት የሚለካው የሽቦው ጫፍ) የተቀመጠበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው። ሴንሰሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ወይም እባቧ ስትንቀሳቀስ ከቦታው ገፍታው ከሆነ፣ መሣሪያው አየሩ 32 እስኪደርስ ድረስ ምንጣፉን ያለማቋረጥ ያሞቀዋል። የወለል ምንጣፍ ደግሞ አየር የማሞቅ አቅሙ ደካማ ስለሆነ አየሩ 32 ላይደርስ ይችላል፤ በዚህ መሀል መስታወቱ 45 እና ከዚያ በላይ ይገባል። ሴንሰሩ ላይ ውሃ ወይም ሽንት ቢፈስበትም ውጤቱ ያው ነው፤ እየቀዘቀዘ «ገና አልሞቀም» ይላል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ቴርሞሜትር የግድግዳውን መስታወት ነው የሚለካው። እባቧ ግን የምትተኛው ግድግዳ ላይ አይደለም።

እንዲህ ያለ ሙቀት እጅ አስደንግጦ የሚያስነሳ ላይሆን ይችላል፤ ጉዳቱ ያለው ከቆይታው ላይ ነው። በሰው ቆዳ ላይ 60 ዲግሪ በሰከንዶች ያቃጥላል፤ 44 ዲግሪ ደግሞ ለ6 ሰዓት ያህል ሳይለቅ ከነካ ያቃጥላል። እባብ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ተጠቅልሎ ሙሉ ቀን የሚተኛ እንስሳ ነው። «ለምን ተነሥታ አልሄደችም?» ብለው እንደሚጠይቁ እንገምታለን። ቦል ፓይተን ከምቾቷ ይልቅ መደበቂያዋን ትመርጣለች፤ ያለችው አንዲት መደበቂያ ምንጣፉ ላይ ከሆነች ሙቀቱ ቢበዛም እዚያው ትቀራለች። አየሩ ብርድ ከሆነም ጀርባዋ እየቀዘቀዘ ሆዷን ወደ ሞቃቱ ወለል ትጭናለች። የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም የኮኮናት አሰር በወፍራሙ የተነጠፈበት ቤትም አያስተማምንም። ንጣፉ ሙቀቱን ከሥሩ አፍኖ ይይዘዋል፤ እሷ ደግሞ ቆፍራ ባዶው መስታወት ላይ ትተኛለች።

ሌሎቹ ሁለት ግምቶች ከባዶ የመጡ አይደሉም። ቦል ፓይተን ቆዳ ልትቀይር ስትል ሆዷ ሮዝ ይሆናል። ያ ሮዝነት ግን ከአንገት እስከ ጅራት ወጥ ነው፣ ጠርዝ የለውም፣ ቅርፊቱ ለስላሳና ሙሉ እንደሆነ ይቆያል፤ ከቀናት በኋላ ዓይኗ ደብዝዞ ሰማያዊ ይሆንና ነገሩ ያልቃል። ውሃ የቋጠረ ቅርፊት በፍጹም የቆዳ መቀየር ምልክት አይደለም። የቅርፊት መበስበስ አብዛኛውን ጊዜ ከቅርፊቶቹ ጠርዝ ይጀምራል፤ እዚህም እዚያም የተበታተነ ቢጫ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ ከእርጥብና ከቆሸሸ ንጣፍ ጋር ይመጣል፤ ሲብስ ይሸታል። ቃጠሎ ግን በአንድ ቦታ ተያይዞ ወለሉን የነካውን የሰውነት ክፍል ቅርጽ ይዞ ይወጣል፤ የተጎዳውና ያልተጎዳው ቆዳ ድንበርም ብዙ ጊዜ በግልጽ ይለያል። የእርስዎ መግለጫ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሁለቱ አብረው ሊገኙ እንደሚችሉም አይዘንጉ፤ እርጥብ ንጣፍ በጋለ መስታወት ላይ ሲሆን ቆዳው በሙቀትም በባክቴሪያም ይጎዳል።

ከእነዚህ የተለየ፣ ሊያመልጥዎ የማይገባ አራተኛ ነገር አለ። ከቁስሉ ርቀው በሆዷ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀይ ነጥቦች ተበትነው ካዩ፣ የአፏ ውስጥ ከቀላ፣ ሰውነቷ ከዛለ ወይም ምላሷን ማውጣት ካቆመች ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ገብቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ እስከ ነገ አይጠበቅም።

የቃጠሎው ጥልቀት በመጀመሪያው ቀን አይታወቅም፤ ይህ የብዙ ባለቤቶች መዘናጊያ ነው። ዛሬ ሮዝ የሆነው ቅርፊት ከሦስት ቀን በኋላ ቡናማ፣ ከሳምንት በኋላ ጥቁርና ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ ከሥሩ የሞተው ሥጋ ቀስ ብሎ ነው ራሱን የሚገልጠው። መቅላት ብቻ ከሆነ ላይ ላዩን ነው። ውሃ ከቋጠረ ወይም እዥ ካለው ወደ ውስጥ ዘልቋል። ከጠቆረ፣ እንደ ጫማ ቆዳ ከጠነከረና ሲነካ ምንም ካልተሰማት ሙሉው ቆዳ ሞቷል ማለት ነው፤ ሕመም አለመኖሩ እዚህ ላይ መጥፎ ምልክት ነው። በየቀኑ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ ከቁስሉ አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱ። ከአሥር ቀን በኋላ ትዝታዎን ከመጠየቅ ፎቶዎቹን ማነጻጸር ይሻላል፤ ሐኪሙም ያመሰግንዎታል።

«እቤት ላክማት እችላለሁ?» ላሉት፦ መቅላት ብቻ ቢሆን ኖሮ አዎ፣ በጥንቃቄ። ሁለት ቅርፊቶች ውሃ ቋጥረው ሌሎቹ ቡናማ ከሆኑ በኋላ ግን ከተሳቢ እንስሳት ጋር የሠራ የእንስሳት ሐኪም ዛሬ ወይም ነገ ሊያያት ይገባል። የሚሰጣት ቅባት ብቻ አይደለም። ቃጠሎ ፈሳሽ ስለሚያስወጣ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ የሕመም ማስታገሻና በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋት ይሆናል። እንዲህ ባለ ቁስል ላይ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች፣ ለምሳሌ ሱዶሞናስ፣ ብዙ የተለመዱ መድኃኒቶችን ይቋቋማሉ፤ ስለዚህ ከቁስሉ ናሙና ወስዶ መመርመር ትርፍ ወጪ አይደለም። ለእባብ ከሚታዘዙት አንዱ ሴፍታዚዲም ነው፤ በእባብ ሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ በየ72 ሰዓቱ ይወጋል። መርፌውን እቤት እንዲሰጡ ሐኪሙ ካሠለጠነዎት ሁልጊዜ በሰውነቷ የፊተኛው ሲሶ፣ ከአከርካሪዋ ጎን ባለው ጡንቻ ላይ ይሁን። ከኋላ በኩል የተወጋ መድኃኒት በደም ሥሮቿ አሠራር ምክንያት በሰውነቷ ሳይሠራጭ ወደ ኩላሊት ሊሄድ ይችላል። መጠኑ በግራም ክብደቷ ስለሚሰላ በኩሽና ሚዛን መዝነዋት ይሂዱ። ከሰው መድኃኒት ተርፎ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አንቲባዮቲክ ግን አይሞክሩባት።

እስከ ቀጠሮው ድረስ፣ ከዚያም ሐኪሙ ካልከለከለ በኋላም፣ እንዲህ ያድርጉ። ያለውን ንጣፍ በሙሉ አውጥተው ይጣሉ። ወለሉን በነጭ የወረቀት ፎጣ ወይም ባልታተመበት ነጭ ወረቀት ይሸፍኑ፤ በየቀኑ፣ ከቆሸሸ ደግሞ ወዲያውኑ ይቀይሩት። ነጭ መሆኑ ለውበት አይደለም፤ እዥ፣ ደም ወይም መግል የነካው ቦታ ወዲያው ይታይዎታል። የሚታጠቡ ሁለት መደበቂያዎች፣ አንዱን በሞቃቱ አንዱን በቀዝቃዛው ጫፍ፣ ያስቀምጡ። የመጠጥ ውሃዋ አይጓደል፤ ሳህኑ ግን ገብታ የማትተኛበት ትንሽና የማይገለበጥ ከባድ ይሁን። የአየሩ እርጥበት ከ50 እስከ 60 በመቶ ይበቃል።

ቫዝሊኑን አጥበው ያስለቅቁ። ቅባቱ ሙቀትንና ቆሻሻን ቁስሉ ላይ አፍኖ ይይዛል፤ ከሥሩ ያለውንም መከታተል አይቻልም። ቅቤ፣ ዘይትና የጥርስ ሳሙናም ያው ናቸው። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በመዳን ላይ ያለውን ሥጋ ይገድላሉ። ስማቸው በ«ካይን» የሚያልቅ ማደንዘዣዎች (ሊዶካይን፣ ቤንዞካይን) የተቀላቀሉባቸውን የቁስል ቅባቶች በራስዎ ፈቃድ አይቀቡ፤ በተገለጠ ቁስል በኩል ወደ ሰውነት ገብተው ሊመርዙ ይችላሉ። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ደግሞ መዳኑን ያዘገያል።

ለማጠቢያ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 9 ግራም ጨው ይሟሟ፤ አንድ ተኩል ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ለብ ሲል በስሪንጅ ቁስሉ ላይ ቀስ አድርገው ያፍስሱ፤ አይሹት። ቀጥሎ ከሁለት ፀረ ተሕዋስያን አንዱን ይምረጡ። 10 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ከሆነ አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ይቅጠን፤ ቀለሙ ቀጠን ያለ ሻይ ሲመስል ልክ ነው። 2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ከሆነ ደግሞ 1 ሚሊ ሊትሩ በ39 ሚሊ ሊትር ውሃ ይቅጠን፤ ይህ 0.05 በመቶ ይሆናል። የገዙት 4 በመቶ ከሆነ ውሃው 79 ሚሊ ሊትር ነው። ሳሙና ወይም አልኮል የተቀላቀለበትን ዓይነት አይግዙ። ክሎርሄክሲዲንን በጨው ውሃ አያቅጥኑት፤ ከጨው ጋር ሲገናኝ ይዘቅጥና ኃይሉን ያጣል። በዚያው ፈሳሽ የረጠበ ጎዝ ለ5 ደቂቃ ቁስሉ ላይ አኑረው ያንሱ፤ ከዚያ በደረቅ ጎዝ እየነካኩ ያድርቁት። እባቧን በየቀኑ ገንዳ ውስጥ እየዘፈዘፉ ማቆየት ብዙ ሰው የሚመክረው ነገር ነው፤ እኛ አንመክርም። የራሰ ቆዳ ይበልጥ ይላላል፣ በውሃው ውስጥ ስትጸዳዳም ቁስሉ ይበከላል። ቀዝቃዛ ውሃ የሚጠቅመው ቃጠሎው በተፈጠረ በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜም በረዶ ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ የተቃጠለው ቦታ ላይ ብቻ። የእርስዎ አራት ቀን ስላለፈው ይህ አይመለከታትም።

ከደረቀ በኋላ 1 በመቶ ሲልቨር ሰልፋዲያዚን የተባለውን የቃጠሎ ቅባት በንጹሕ ጓንት በስሱ ይቀቡ፤ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። በማግስቱ ቁስሉ ላይ ነጣ ያለ ወይም ግራጫ ልባጭ ቢያዩ አይደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ መግል ሳይሆን የቅባቱ ቅሪት ነው። አዲሱን ከመቀባትዎ በፊት በጨው ውሃ አለስልሰው ያስለቅቁት። መግል ከሆነ አይታጠብም፤ የእባብ መግል እንደ አይብ የጠጠረ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሸታል።

ውሃ የቋጠሩትን ቅርፊቶች አያፍርጧቸው። ሳይፈርጡ እስከቆዩ ድረስ ንጹሕ መሸፈኛ ናቸው። በራሳቸው ከፈረጡ ያጥቧቸው፣ ይቀቧቸው፣ ለሐኪሙም ይንገሩ፤ የተንጠለጠለውን ቆዳ መቁረጥ የእሱ ሥራ ነው። ዙሪያዋን በፋሻ መጠምጠም ደግሞ ክልክል ነው ብንል እንመርጣለን። እባብ የሚተነፍሰው የጎድን አጥንቶቹን በማስፋት ነው፤ የጠበቀ ፋሻ ትንፋሹን ያግዳል፣ የላላው ደግሞ ስትሳብ ተንሸራቶ ይታጠፋል። ሐኪሙ የሚለጠፍ ስስ መሸፈኛ ከመረጠ እሱ ራሱ ይለጥፈው።

ለአሥር ቀን ያህል አይመግቧት። ጤነኛ ጎልማሳ ቦል ፓይተን በዚህ አትጎዳም፤ የተቃጠለ የሆድ ቆዳ ላይ ግን ትልቅ ምግብ ሲወጠር ቁስሉ ይከፈታል። መብላት ስትጀምር በፊት ከምትበላው ግማሽ የሚያህል፣ በማቀዝቀዣ ቆይቶ በረዶው የቀለጠ የሞተ አይጥ ይስጧት፤ በሕይወት ያለ አይጥ በፍጹም። በሳምንት አንዴ ይመዝኗት። ከ1200 ግራሟ 120 ከቀነሰ ለሐኪሙ ይደውሉ። ከማጠብና ከመቀባት ውጭም አያንሷት፤ ስታነሷት መላ ሰውነቷን ከሥር ደግፋችሁ፣ ቁስሉ እጃችሁ ላይ እንዳይታሸት።

ጠባሳን በተመለከተ፦ ላይ ላዩን የተቃጠለው ከአንድ ወይም ከሁለት ቆዳ መቀየር በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። የጠለቀው ወራት ይፈጃል፤ ቅርፊቱም የገረጣ፣ የተጣመመ ወይም ጨርሶ የሌለ ሆኖ ይቀራል። ለመሳብ እምብዛም አያስቸግራትም። ቁስል እየዳነ ባለበት ጊዜ ቆዳ መቀየር ከተለመደው ቶሎ ቶሎ መምጣቱም የሚጠበቅ ነው። ዓይኗ ሲደበዝዝ ወረቀቱን ሳያረጥቡ ከክዳኑ ገሚሱን በመሸፈን የአየሩን እርጥበት ወደ 65 በመቶ ያድርሱት። ቁስሉ ላይ የተጣበቀ አሮጌ ቆዳ ከቀረ አይላጡት፤ ከሥሩ ያለውን አዲስ ቆዳ ይዞት ይወጣል። በለብታ የጨው ውሃ የረጠበ ጎዝ ለ15 ደቂቃ ያኑሩበት፤ በራሱ ካልለቀቀ እስከሚቀጥለው ጊዜ ይቆይ።

ምንጣፉን መልሰው ሊጠቀሙበት ከፈለጉ ይቻላል፤ ግን ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ። ምንጣፉ ከመስታወቱ ውጭ ከሥር ይሁን፤ ከወለሉ ሲሶ በላይ አይሸፍን፤ ቤቱም አየር በሥሩ እንዲያልፍ ትንንሽ እግሮች ይደረጉለት። ሴንሰሩን በመስታወቱና በምንጣፉ መካከል፣ መሀል ላይ ያጣብቁት። በቤቱ ውስጥ ተለጣፊ ፕላስተር አይጠቀሙ፤ እባብ ከተጣበቀበት ቅርፊቱን ይዞ ይነሣል። ንጣፉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። ቴርሞስታቱን 30 ላይ አድርገው እባቧን ሳያስገቡ ለ24 ሰዓት ይተዉት፤ ከዚያ ንጣፉን ገለጥ አድርገው ባዶውን መስታወት በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር አምስት ስድስት ቦታ ይለኩ። መከተል ያለብዎት መስታወቱ ላይ የለኩትን ነው፤ ቴርሞስታቱ ላይ የተጻፈውን አይደለም። ከ32 የሚበልጥ ቦታ ካገኙ ዝቅ አድርገው ከሰዓታት በኋላ እንደገና ይለኩ።

ቴርሞስታትም ይበላሻል፤ በውስጡ ያለው ማብሪያ «በርቶ» እንዳለ ተጣብቆ መቅረቱ ከታወቁት ብልሽቶቹ አንዱ ነው። አቅም ካለዎት ሁለተኛ ቴርሞስታት ገዝተው ምንጣፉ በሁለቱም በኩል እንዲያልፍ ይሰኩት፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው 2 ዲግሪ ከፍ አድርገው፣ የየራሳቸውን ሴንሰር ለይተው። የመጀመሪያው ተጣብቆ ቢቀር ሁለተኛው ያጠፋዋል። የጋለ ድንጋይ የሚባለውን ማሞቂያ ግን በየትኛውም ቴርሞስታት ቢሆን አንመክርም፤ አንዱ ጎኑ ለብ ብሎ ሌላው ሊያቃጥል ይችላል።